ራሳችን የሠራነው የስዌርቭ ሞጁል አቅጣጫውን ይስታል፤ ጥፋቱ ከብረቱ ነው ወይስ ከኮዱ?

ቶርኖ ቤት (ሜሪላንድ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። የልጄ ትምህርት ቤት የሮቦት ቡድን ኤፍ.አር.ሲ. በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር ይሳተፋል። እኔም አዲስ አበባ ሳለሁ ለብዙ ዓመታት በቶርኖና በፍሬዛ ሥራ ስለኖርኩ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ማታ እየሄድኩ በማሽኑ ሥራ አግዛቸዋለሁ። ኩሽኔታ ስል ልጆቹ ይስቃሉ፤ ሥራው ላይ ግን እንግባባለን።

ቡድኑ እስካለፈው ዓመት ድረስ ሲወዳደር የነበረው፣ እንደ ታንክ በግራና በቀኝ ጎማዎቹ የፍጥነት ልዩነት በሚታጠፍ ሮቦት ነው። በዚህ የትምህርት ቤት ዕረፍት ወቅት ልጆቹ ስዌርቭ ድራይቭ ለመሥራት ወሰኑ። ለማያውቁት ለማስረዳት ያህል፣ አራቱም ጎማዎች እያንዳንዳቸው አንድ የሚነዳቸው፣ አንድ ደግሞ አቅጣጫቸውን የሚያዞር ሞተር ስላላቸው፣ ሮቦቱ ፊቱን ሳያዞር ወደ ጎንም ሆነ በሰያፍ ይሄዳል፤ እየሄደም በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ሞጁል እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ልጆቹ ነገሩን ከውስጡ እንዲያውቁት ስለፈለግን፣ ጊሮቹን፣ ሞተሮቹንና ኩሽኔታዎቹን ብቻ ገዝተን፣ የቀረውን ከ6061 አልሙኒየም ራሳችን ቆርጠን አራት ሞጁሎች ሠራን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የሚነዳው ሞተር ክራከን ኤክስ 60 ነው። በሞተሩ ዘንግ ላይ ያለው ባለ 14 ጥርስ ጊር፣ በመሪው እምብርት ላይ የተቀመጠውን ባለ 50 ጥርስ ያዞራል። ከባለ 50ው ጋር በአንድ ዘንግ የታሰረው ባለ 27 ጥርስ ደግሞ፣ ከጎማው ጎን የቆመውን ዘንግ በባለ 17 ጥርስ ጊር ያሽከረክራል። የዚህ ዘንግ የታችኛው ጫፍ ባለ 15 ጥርስ ፒኞ ነው፤ ከጎማው ጋር የታሰረችውን ባለ 45 ጥርስ ኮሮና ይነዳል። በመኪና ዲፈረንሻል ውስጥ እንዳሉት ኮሮናና ፒኞ ማለት ነው፤ የእኛዎቹ ግን ጥርሳቸው ቀጥ ያለ ነው። ጠቅላላ ቅናሹ 6.75 ለ1 ነው፤ ጎማው 4 ኢንች ነው። ጎማውን አቅፎ የሚዞረው ሹካ በአንድ 6811 ኩሽኔታ ተንጠልጥሏል፤ በሹካው ላይ ባለ 72 ጥርስ የመሪ ጊር በስድስት ብሎኖች ታስሯል። አቅጣጫውን የሚያነበው ካንኮደር ነው፦ ከመሪው ጊር ጋር አንድ ለአንድ የሚዞር፣ በስሪዲ ፕሪንተር የታተመ ሌላ ባለ 72 ጥርስ ጊር አለ፤ በእርሱ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ማግኔት ያነባል።

ለሦስት ቀናት ሁሉም ነገር አስደስቶን ነበር። በአራተኛው ቀን ሮቦቱ ከግድግዳ ጋር በኃይል ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ የፊት ቀኙ ሞጁል ቀጥ በል ሲባል ወደ 5 ዲግሪ ያህል ተጣሞ ይቆማል። ዜሮውን እንደገና ስናስተካክልለት ለአንድ ቀን ደህና ይሆናል፤ በማግስቱ 7 ዲግሪ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ 4 ዲግሪ ስቶ እናገኘዋለን። ኮዱን የጻፈችው ተማሪ ጥፋቱ ከብረቱ ነው ትላለች፤ ብረቱን የቆረጡት ልጆች ደግሞ ከኮዱ ነው ይላሉ። እኔ የጠረጠርኩት የመሪውን ጊር የሚያስሩትን ብሎኖች ነው፤ ቀዳዳዎቹ ከብሎኖቹ በ0.3 ሚሊሜትር ይሰፋሉ፣ ማዕከል የሚይዝ ፒንም አላስገባንባቸውም። የብሎኖቹ ርቀት ከመሐሉ 36 ሚሊሜትር ነው።

በዚያው ሞጁል ላይ ሌላም ችግር አለ። ከፒኞው ጥርሶች ሁለቱ በውጭኛው ጫፋቸው በኩል ተሸርፈዋል፤ ድምፁም ከሌሎቹ ሦስቱ ተለይቶ ይጮኻል። ከዚህ በተጨማሪ ሮቦቱ በቀጥታ እየሄደ እንዲሽከረከር ሲታዘዝ መስመሩን ለቆ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ ይህኛው ከቀደሙት ጋር መያያዝ አለመያያዙን መለየት አልቻልኩም። ከዚህ በፊት የሠራችሁ ካላችሁ ሐሳባችሁን እጠይቃለሁ።


ፍሬዛ (ሲያትል)፦

ሰላም ወንድሜ። ሁኔታውን በቁጥር ስላስቀመጡት ለመመለስ ቀለለኝ። ብሎኖቹን ከመፍታትዎ በፊት ግን በዚያው ቁጥር ትንሽ እናስላ። ብሎኑ በቀዳዳው ውስጥ ከዳር እስከ ዳር 0.3 ሚሊሜትር ቢንሸራተት፣ በ36 ሚሊሜትር ርቀት ላይ የሚያመጣው የማዕዘን ለውጥ ግማሽ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። 5 ዲግሪ ለመሳት ጊሩ ከሹካው ላይ ከ3 ሚሊሜትር በላይ መንሸራተት ነበረበት፤ ይህ ደግሞ ብሎኖቹን ሳይቆርጥ አይሆንም። ፒን ማስገባቱ በማንኛውም ሁኔታ ጥሩ ሥራ ነው፤ የዚህ በሽታ መድኃኒት ግን እርሱ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀን 5 ዲግሪ አሳስቶኝ ነበር። 360ን ለ72 ሲያካፍሉት ልክ 5 ስለሚመጣ፣ የታተመው ጊር በግጭቱ አንድ ጥርስ ዘሏል ብዬ ልጽፍልዎ ነበር። ይሁን እንጂ ጥርስ የሚዘል ጊር ስህተቱ 5፣ 10፣ 15 እያለ ነው የሚሄደው እንጂ 7 ወይም 4 አይሆንም። ስህተቱ በማንኛውም ቁጥር ላይ የሚያርፍ ከሆነ፣ የሚንሸራተተው ነገር ጥርስ የሌለው፣ ክብ በክብ ላይ በመጨበጥ ወይም በማጣበቂያ ብቻ የተያዘ ነገር መሆን አለበት። በእርስዎ ሞጁል ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ሁለት ብቻ ይታየኛል፦ የታተመው ጊር ከትንሹ ዘንግ ጋር የተያያዘበትና ማግኔቷ ከዘንጉ ጫፍ ጋር የተያያዘችበት። እንዴት እንዳሰሯቸው አልጻፉም፤ ማግኔቷን በማጣበቂያ ብቻ ካስቀመጧት ግን ጥርጣሬዬ በእርሷ ላይ ነው።

የካንኮደሩ መብራትም አያታልልዎ። ካንኮደሩ አረንጓዴ የሚያበራው የማግኔቷ ጉልበት በቂ መሆኑን ሲያይ ነው፤ ማግኔቷ ከዘንጉ ጋር አብራ መዞሯን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ካንኮደሩን ያንሱና በቀጭን ነጭ የቀለም ብዕር ከጊሩ ተነስቶ በዘንጉ አልፎ ማግኔቷ ላይ የሚያበቃ አንድ መስመር ያስምሩ፤ ከዚያ ልጆቹ እንደ ልባቸው ይንዱት። ስህተቱ ሲመለስ መስመሩ የተቆረጠበት ቦታ መልሱን ይሰጥዎታል። በአራቱም ሞጁሎች ላይ ቢያደርጉት ደግሞ ይሻላል፤ ሌሎቹ ሦስቱም ወረፋቸውን እየጠበቁ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ፒኞው ልምጣ፤ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ሊያሳስብዎ የሚገባው እርሱ ነው። እንደ ኮሮናና ፒኞ ያሉ ሾጣጣ ጊሮች ኃይል ሲያስተላልፉ አንዱ ሌላውን ይገፋዋል። መጠኑን ለማየት ሮቦቱ ከባትሪውና ከመከላከያው ጋር 65 ኪሎ ነው እንበል፤ በአንድ ጎማ ላይ ወደ 159 ኒውተን ያርፋል። ጥሩ ጎማ ምንጣፍ ላይ የሚኖረውን ሰበቃ በ1.1 ብንወስድ፣ ጎማው ከመንሸራተቱ በፊት ወደ 175 ኒውተን ይገፋል፤ በ4 ኢንች ጎማ ይህ 8.9 ኒውተን ሜትር ቶርክ (የማዞር ጉልበት) ነው። የኮሮናዋ ጥርሶች አማካይ ራዲየስ 24 ሚሊሜትር ያህል ቢሆን፣ ጥርስ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ 370 ኒውተን ነው፤ ከዚህም ወደ 125 ኒውተን የሚሆነው ኮሮናዋን በጎማው አክስል አቅጣጫ ከፒኞው ለማራቅ የሚገፋ ነው። ወደ 13 ኪሎ የሚመዝን ነገር ኮሮናዋን ሳያቋርጥ ወደ ጎን እየገፋት ነው ማለት ነው፤ ከግድግዳ ጋር ሲጋጭና በድንገት ወደ ኋላ ሲመለስ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ፒኞውን ወደ ላይ የሚገፋው 40 ኒውተን ገደማ ብቻ ስለሆነ እርሱን ለጊዜው ይተዉት።

እንግዲህ በጎማው አክስል ላይ ያለው ማራቀቂያ ቱቦ ጥቂት እንኳ ካጠረ ኮሮናዋ በዚያ ግፊት ትንሸራተታለች፤ ጥርሶቹ በሙሉ ፊታቸው መነካካት ትተው በጠርዛቸው ብቻ ይያያዛሉ። በውጭኛው ጫፍ የተሸረፈ ጥርስ ጭነቱን በዚያ ጫፍ ብቻ ሲሸከም እንደነበረ ይመሰክራል። ጎማውን በእጅዎ ይዘው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፋ ሳብ ያድርጉት፤ ቀጭ የሚል ስሜት ካገኙ ቱቦውን ይለኩ። ካስተካከሉት በኋላ የጥርሶቹን ፊት በማርከር ቀብተው ጥቂት ዙር በእጅ ያሽከርክሩት። ቀለሙ የሚጠፋው ከጥርሱ መሐል፣ ጥቂት ወደ ጠባቡ ጫፍ ባዘነበለ ቦታ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ጭነት ሲመጣ ነካኪው ቦታ ወደ ሰፊው ጫፍ ስለሚሸሽ ነው። 0.1 ሚሊሜትር የሆኑ ቀጫጭን ሮንዴላዎች በእጅዎ ይኑሩ፤ ያለ እነርሱ ይህ ሥራ አይሠራም።

ስለ ኩሽኔታው በአጭሩ፦ አንድ 6811 ጭነቱን አይፈራም፤ ነገር ግን አንድ ቀጭን ኩሽኔታ ብቻውን ሹካውን ከመወዛወዝ አያግድም። ሁለተኛውን ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር አርቀው ይጨምሩበት።


ኮድ ጸሐፊ (ሃይፋ)፦

ሰላም ለሁላችሁም። እኔ እስራኤል ውስጥ የአንድ ቡድን የሶፍትዌር አማካሪ ነኝ፤ ብረቱን ለወንድሜ ለፍሬዛ ትቼ፣ ጠያቂያችን በመጨረሻ ስለጠቀሱት የመሸሽ ችግር ልናገር። ይህ ችግር ከማግኔቷ ጋር አይያያዝም፤ አራቱም ሞጁሎች እንከን ባይኖርባቸው እንኳ ይመጣል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አብዛኛው የቡድኖች ኮድ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ጊዜ አስልቶ ለጎማዎቹ አዲስ ትእዛዝ ይሰጣል። አሽከርካሪው ወደ ፊት ሂድ፣ እየሄድክም ዙር ሲል፣ ኮዱ በዚያች ቅጽበት ሮቦቱ የሚያይበትን አቅጣጫ ወስዶ የጎማዎቹን ማዕዘን ያሰላል፤ ጎማዎቹም ያንን ማዕዘን እስከሚቀጥለው ስሌት ድረስ ይዘው ይቆያሉ። ሮቦቱ ግን በመካከሉ እየዞረ ነው። በሰከንድ አንድ ሙሉ ዙር ቢሽከረከር በ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ 7.2 ዲግሪ ይዞራል፤ ስለዚህ ጎማዎቹ በአማካይ 3.6 ዲግሪ ወደ መዞሪያው አቅጣጫ ያጋደለ መንገድ ይከተላሉ። ስህተቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ስለሆነ ይደማመራል እንጂ እርስ በርሱ አይጠፋፋም። ጎማው ወደታዘዘው ማዕዘን ለመድረስ የሚወስድበት ጊዜም ይጨመርበታል። ቡድኖቹ በሚጠቀሙበት ደብሊው.ፒ.አይ.ሊብ በተባለው የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ዲስክሬታይዝ የሚባል ተግባር አለ፤ የተፈለገውን ፍጥነት ወደ ሞጁሎቹ ከመላካችሁ በፊት በእርሱ ማሳለፍ አንድ መስመር ኮድ ነው። ሮቦቱ በተቃራኒው ሲሽከረከር የሚሸሸው ወደ ተቃራኒው ጎን ከሆነ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ወደ አንድ ጎን ብቻ ከሄደ ግን ወደ ተጣመመው ጎማ ተመለሱ።

ሌላ ነገር ልጨምር፤ ራሳቸው ሞጁል የሠሩ ቡድኖች ብዙ ጊዜ ሲስቱት ስላየሁ ነው። በእናንተ ንድፍ የሚነዳው ሞተር ጨርሶ ባይንቀሳቀስም፣ መሪው ሲዞር ጎማው ይንከባለላል። ባለ 27 ጥርሱ በእምብርቱ ላይ ቆሞ ሳለ ሹካው ይዞት የሚዞረው ባለ 17 ጥርስ በዙሪያው ይንከባለላልና። ሹካው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር፣ 27 ለ17፣ ከዚያም 15 ለ45 ስለሆነ፣ ጎማው 0.53 ዙር ያህል ይዞራል። በ4 ኢንች ጎማ ይህ ወደ 17 ሴንቲሜትር ነው፤ መሪው ሩብ ዙር ብቻ ቢዞር እንኳ ከ4 ሴንቲሜትር በላይ ይሆናል። ኮዱ ይህን ካልቀነሰ ሮቦቱ ሳይሄድ ሄድኩ እያለ ይመዘግባል፤ ያለ አሽከርካሪ በሚነዳባቸው የግጥሚያው የመጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥም ቦታውን ይስታል። ስህተቱ የመሪ ማዕዘን በብዛት በሚቀያየርበት መንገድ ላይ ብቻ ጎልቶ ስለሚታይ፣ ሰው ምክንያቱን በጎማ መንሸራተት ላይ ያላክካል።

የጎማውንም ዲያሜትር በየሳምንቱ ለኩ። 101.6 ሚሊሜትር የነበረው ጎማ ተበልቶ 98 ሲደርስ፣ በ10 ሜትር ጉዞ ላይ 35 ሴንቲሜትር ያህል ይሳሳታል።


አምስት ኪሎ (አዲስ አበባ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ሮቦት በእጄ ነክቼ ባላውቅም ውይይቱን በጉጉት ተከታትያለሁ። ጋሼ ቶርኖ ቤት ካስቀመጡት የጊር ሰንሰለት ውስጥ አንድ ነገር አልገባኝም። 14 ለ50 ፍጥነት ይቀንሳል፤ 15 ለ45ም ይቀንሳል። በመካከላቸው ያለው 27 ለ17 ግን ፍጥነት ይጨምራል። አንዴ ቀንሶ፣ መልሶ ጨምሮ፣ እንደገና መቀነስ ለምን አስፈለገ? እያንዳንዱ የጊር ጥንድ የሚያባክነው ኃይል አለ፤ ይህ ጥንድ ቢቀር ሞጁሉ ቀላልና ርካሽ አይሆንም ነበር?


ፍሬዛ (ሲያትል)፦

ጥያቄህ ጥሩ ነው። ያ ጥንድ እዚያ የተቀመጠው ፍጥነት ለመጨመር ተፈልጎ አይደለም፤ ዘንጉን ወደ ጎን ለማውጣት ነው። ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ በትክክል ከመሪው እምብርት ሥር መሆን አለበት፤ ከዚያ ከወጣ፣ መሪው በዞረ ቁጥር ጎማው መሬት ላይ ክብ እየሠራ ሮቦቱን ይጎትተዋል። ስለዚህ እምብርቱን ጎማው ይዞታል፤ ኃይሉን ወደ ታች የሚያወርደው ዘንግ በጎማው ጎን ማለፍ ግድ ይለዋል። የጎማው ግማሽ ስፋት 19 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ 27ና 17 ሲደመሩ 44 ጥርስ ስለሆኑ፣ በ20 ፒች ጊር (በዲያሜትሩ ለእያንዳንዱ ኢንች 20 ጥርስ ባለው) የሁለቱ ዘንጎች ርቀት 1.1 ኢንች፣ ማለትም 28 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ዘንጉ ጎማውን ለጥቂት አልፎ ይቆማል።

ታዲያ በየገበያው ያሉት ሞጁሎች ይህን ግዴታ ወደ ጥቅም ለውጠውታል። 25 ለ19 ብታደርገውም፣ 27 ለ17 ብታደርገውም፣ 28 ለ16 ብታደርገውም ድምሩ ያው 44 ነው፤ ስለዚህ አንዲት ቀዳዳ ሳትነካ ጥንዱን ብቻ በመቀያየር ጠቅላላ ቅናሹን 8.14፣ 6.75 ወይም 6.12 ማድረግ ትችላለህ። ጋሼም እነዚህን ጥርሶች የመረጡት ይህን አይተው ይመስለኛል።


መንገደኛ (ቨርጂኒያ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። የተሰጡት መልሶች ትክክል ናቸው፤ እኔ ግን በዋናው ውሳኔ ላይ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ቡድናችን ለሁለት ዓመት የራሱን ሞጁል ሲሠራ ቆይቶ በሦስተኛው ዓመት ገዛ፤ አልተቆጨንበትም። የዓመቱ ጨዋታ ይፋ የሚሆነው በጥር (ጃንዋሪ) መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ እስከ መጀመሪያው ግጥሚያ ያለው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። በሕጉ መሠረት ጨዋታው ይፋ ከመሆኑ በፊት የቆረጣችኋቸው ክፍሎች በውድድሩ ሮቦት ላይ አይገቡም፤ ንድፉንም ለመጠቀም አስቀድማችሁ ለሁሉም በይፋ መልቀቅ አለባችሁ። ስለዚህ አሁን የሠራችኋቸው አራት ሞጁሎች የመማሪያ ናቸው፤ በጥር አራቱንም፣ ከመለዋወጫቸው ጋር፣ እንደገና ትቆርጣላችሁ። በዚያው ጊዜ ክንዱንና ሌላውን የሮቦቱን አካል ማን ይሠራዋል? በእኛ ዘንድ መልሱ "ማንም" ነበር፤ ሮቦታችን እንደ ንስር እየበረረ ሜዳው ላይ ምንም ሳያነሳ ይመለስ ነበር።

ራሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ለሞተሩ የምትፈቅዱትን የኤሌክትሪክ (አምፔር) ገደብ ከጎማው ተነሥታችሁ አስሉ። ፍሬዛ ያወጡት 8.9 ኒውተን ሜትር በ6.75 ሲካፈል፣ በጊሮቹ የሚባክነውንም ጨምረን፣ ሞተሩ ጋ ወደ 1.45 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። ክራከኑ ተይዞ ሲቆም በ366 አምፔር 7.09 ኒውተን ሜትር ስለሚሰጥ፣ ለአንድ አምፔር 0.0194 ያህል ነው፤ ስለዚህ 75 አምፔር አካባቢ ጎማው መንሸራተት ይጀምራል። በሞተሩ ጥቅል ውስጥ ከዚህ በላይ እንዲያልፍ መፍቀድ የጎማ ላስቲክ ከመጨረስና ባትሪ ከማዳከም በቀር አይጠቅምም። ከባትሪው የሚሳበውን ለብቻው ገድቡት፤ አራቱም ባንድ ጊዜ ሲነሡ የባትሪው ቮልቴጅ ከ6.75 (በመጀመሪያው ሮቦሪዮ ከ6.3) በታች ከወረደ የሮቦቱ ዋና ኮምፒውተር፣ ሮቦሪዮው፣ ሞተሮቹን ያጠፋቸዋል፤ አሽከርካሪውም ሮቦቱ የሚንቀጠቀጠው ለምን እንደሆነ አይገባውም።

ፍጥነቱንም አትጨምሩ። በ6.75 ቅናሽ ያለ ጭነት በሰከንድ 4.7 ሜትር ይደርሳል፤ ለትምህርት ቤት አሽከርካሪ ይህ ከበቂ በላይ ነው።


ቶርኖ ቤት (ሜሪላንድ)፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመመለስ ሁለት ሳምንት የዘገየሁት እያንዳንዱን ሞክሬ ውጤቱን ይዤ ለመምጣት ብዬ ነው።

መስመሩን በአራቱም ሞጁሎች ላይ አሰመርን። ሁለት ቀን ሙሉ ምንም አልሆነም፤ ልጆቹም ሰልችተው ካንኮደሩን ማንሣት ትተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከበር ጠርዝ ጋር ከተጋጨ በኋላ ጎማው 6 ዲግሪ ስቶ ቆመ። ካንኮደሩን አንሥተን ስናይ በዓይን ምንም አይታይም ነበር። ማግኔቷ በጣም ትንሽ ስለሆነች 6 ዲግሪ በጠርዟ ላይ የመርፌ ጫፍ ታህላለች። ኮዱን የጻፈችው ልጅ በስልኳ ካሜራ አጉልታ ስታሳየን ግን፣ ነጩ መስመር ከጊሩ እስከ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይሄድና ማግኔቷ ላይ ሲደርስ ወደ ጎን ይሰበራል። በጥፍሯ ነካ ስታደርጋት ማግኔቷ በጉድጓዷ ውስጥ ዞረች። ማጣበቂያውን ስናየው ከአልሙኒየሙ ላይ እንደ ሽፋን ተላጦ ወጣ፤ ሥሩ ያብለጨልጭ ነበር። ዘንጉን ከቶርኖው ላይ አውጥተን የመቁረጫ ዘይቱን ሳናጸዳ ነው የለጠፍንባት። አሁን ጉድጓዱን በአልኮል አጽድተን፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻክረን፣ ከማጣበቂያው በተጨማሪ ማግኔቷን ጠበቅ አድርጎ በሚይዝ ጉድጓድ አስገባናት። ከኋላ ግራ በኩል ያለው ሞጁልም መስመሩ መሳሳት ጀምሮ ስለነበር፣ አራቱንም እንደ አዲስ ሠራናቸው።

የማራቀቂያው ቱቦ 0.6 ሚሊሜትር አጥሮ ተገኘ። ማን ቆረጠው ብዬ ከመጠየቄ በፊት የሥራ መዝገቡን አየሁት፤ የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ኢንቹን ወደ ሚሊሜትር ስለውጥ ነው የሳትኩት። ልጆቹ ይህን ካወቁ ወዲህ ሁሉንም ልኬት ሁለት ጊዜ እያነበቡ ይነግሩኛል፤ አልከፋኝም። ቱቦውን በልኩ ቆርጠን፣ አዲስ ፒኞ አስገብተን በማርከር ስንፈትነው መጀመሪያ ቀለሙ የጠፋው ከውጭኛው ጠርዝ ነበር። ሁለት ቀጭን ሮንዴላ ስንጨምር ወደ መሐል ገባ፤ ሦስተኛዋን ስንጨምር ጎማው በእጅ አልዞር አለ፤ ስለዚህ በሁለቱ ተውነው። ጩኸቱም ከሌሎቹ ሞጁሎች ጋር እኩል ሆነ።

መሸሹን በተመለከተ ሃይፋ ያለው ወንድማችን እንዳለው ሮቦቱን በሁለቱም አቅጣጫ አሽከርክረን አየነው፤ የሚሸሽበት ጎንም አብሮ ተቀየረ። ያቺን አንድ መስመር ኮድ ስንጨምር አብዛኛው ጠፋ። ሹካው ሲዞር ጎማው የሚንከባለለውንም ልጆቹ ባለ 50 ጥርሱን ጊር በእጃቸው ይዘው ሹካውን ሲያዞሩ በዓይናቸው አዩት፤ በዚያው ምሽት በኮዱ አስተካከሉት።

የቨርጂኒያው ወንድማችን ያነሡት ሐሳብ ቡድኑን ለሁለት ከፍሎታል። ሕጉን ካነበብን በኋላ የደረስንበት፣ ለውድድሩ ሮቦት የተዘጋጀ ሞጁል መግዛት፣ የእኛን አራት ደግሞ አሽከርካሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ በሚለማመዱበት ሮቦት ላይ ማቆየት ነው። ሁለት ልጆች አሁንም አልተስማሙም፤ ሥዕሉን በይፋ ለቅቀው በጥር እንደገና ሊቆርጡት ይፈልጋሉ። ሁለተኛው ኩሽኔታ በዚህ ሳምንት ይደርሳል። ትናንት ማታ 40 ደቂቃ ከነዳነው በኋላ የፊት ቀኙን ጎማ በቀጥታ ላሜራ አስደግፈን ንባቡን ስናየው ከዜሮ የራቀው 0.3 ዲግሪ ነበር።